የወሊድ መዝገብን ከክትባትና ከሕክምና መዝገብ ማያያዝ፦ ባሕር ዳር ላይ ከየት ይጀመራል?

የጣና_ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የያዝነው ጥናት በባሕር ዳርና በጣና ዳር ቀበሌዎች የተወለዱ ልጆችን ይመለከታል። እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ የነበረባት ወባ፣ ደም ማነስ ወይም ደም ግፊት፣ እንዲሁም የልጁ የልደት ክብደት በኋላ ዕድገቱና ጤናው ላይ ምን ጥሎ እንደሚያልፍ ማየት እንፈልጋለን። ዛሬ መዝግበን ሃያ ዓመት የምንጠብቅበት አቅም ስለሌለ ያሉትን መዝገቦች ማያያዝ ግድ ነው። ልናገኛቸው የምንችለው የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የማዋለጃና የክትባት መዝገቦች፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሕክምና መዝገብ፣ እና የጤና ኤክስቴንሽን ፋሚሊ ፎልደር (የየቤተሰቡ ማኅደር) ናቸው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ላይም መግቢያ ይሰጣችኋል ተብለናል። በግምት 4,000 ወሊድና 6,000 የክትባት መዝገብ ይሆናል። ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ መለያ ቁጥር የለም። የካርድ ቁጥር ብቻውን ይበቃል? ካልበቃስ ከየት ይጀመራል?

መዝገብ_ቤት

ወንድሜ፣ ዲኤችአይኤስ 2ን ከዝርዝርህ አውጣው። እዚያ የምታገኘው ከየጤና ተቋሙ የሚላከውን የወር ድምር ነው። በወሩ ስንት ልጅ ከ2,500 ግራም በታች እንደተወለደ ይነግርሃል፤ እነማን እንደሆኑ አይነግርህም። ድምርን ከድምር ጋር ብታያይዝ ጣቢያን ከጣቢያ ታወዳድራለህ እንጂ ስለ አንድ ልጅ ምንም አትልም። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ ከመዝገቡ ገልብጠህ ኮምፒውተር ላይ ያስገባኸውን የወሊድ ብዛት በየወሩ ከተላከው ሪፖርት ጋር አስተያየው። የአንድ ወር ቁጥር በጣም ካነሰ ያልተገለበጠ ገጽ አለ ወይም አንድ ሙሉ መዝገብ ጠፍቷል ማለት ነው።

የካርድ ቁጥር የሚሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ጣቢያ ያለው 004512 እና ሌላው ጣቢያ ያለው 004512 የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በአንድ ጣቢያ ውስጥም ቢሆን ካርዷ የጠፋባት እናት አዲስ ይወጣላትና ሁለት ቁጥር ይኖራታል። ስለዚህ ከክትትል ወደ ማዋለጃ፣ ያውም በዚያው ተቋም፣ ቁጥሩ በደንብ ይወስድሃል። ከማዋለጃ ወደ ክትባት ግን አይወስድህም፤ ምክንያቱም ማዋለጃ ላይ የተጻፈው የእናት ቁጥር ነው፣ ልጁ ሲታመም ደግሞ የራሱን ካርድ ያወጣል። ሕፃኑ እንደተወለደ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገባ በእናቱ ካርድ ወይም በአዲስ ካርድ ሊመዘገብ ይችላል፤ ሁለቱንም ፈልግ።

አዋላጅ_16

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በማዋለጃ መዝገብ ላይ የልጁ ስም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ቢበዛ «የትርንጎ ልጅ» ይባላል። ክርስቲያኑ ቤተሰብ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ያስጠምቃል፤ የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት (ፔንታ አንድ) የሚሰጠው ደግሞ በ6 ሳምንት ነው፣ ማለት በ42 ቀን። እንግዲህ የክትባት መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ስም ገና ያልጸና ሊሆን ይችላል። በፔንታ አንድ «ማሙሽ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ በ9 ወር ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ሌላ ስም ይዞ፣ ሌላ መስመር ላይ፣ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ይገኛል። በልጅ ስም ለማያያዝ የሚሞክር ገና ሳይጀምር ይሳሳታል። ማያያዣችሁ እናትየዋ ናት።

ሰባታሚት

ሲስተር ያሉት የነገሩ ሥር ነው። የዚህ ዓይነት ጥናት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እንግሊዝ ውስጥ ሃርትፎርድሺር በሚባል ግዛት ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የምትመራቸው የጤና ጎብኚ ነርሶች የሕፃናትን የልደትና የአንድ ዓመት ክብደት በእጅ ይመዘግቡ ነበር። ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ መዝገቦቹን ከሞት መዝገብ ጋር አያይዘው በ1989 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ፦ ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው አነስተኛ የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ያ ጥናት የ5,654 ወንዶች ጥናት ነው። ሴቶች ሲያገቡ የቤተሰብ ስማቸውን ስለሚቀይሩ ከልጅነት መዝገባቸው ተነሥቶ እነሱን መከታተል ከባድ ነበር።

እኛ ጋ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። ትርንጎ አለነ ከጋብቻ በፊትም በኋላም ትርንጎ አለነ ናት። ዴንማርክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዋሪው ሁሉ የሰጠችው መለያ ቁጥር አለን አንልም፣ ግን የማይቀየር የእናት ስም አለን። የሚቀየረው አጻጻፉ ነው።

ፊደል_ለቃሚ

አጻጻፉን በተመለከተ ሠርተው የተፈተኑ ነገሮችን ላስቀምጥ።

ስምን በላቲን ፊደል አታስገቡ። መዝገቡ በአማርኛ ከተጻፈ በአማርኛ ይግባ፤ «ፀሐይ»ን አምስት ጸሐፊ በላቲን አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። እንደተጻፈ የገባው ዓምድ አይነካ፤ ማስተካከያው ሁሉ አጠገቡ በሚከፈት አዲስ ዓምድ ላይ ይሁን።

ከዚያ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ማዕረጉ ይውጣ፦ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ሐጂ፣ ቄስ። ይህ ከቀጣዩ ደረጃ መቅደም አለበት፤ አለበለዚያ «ወ/»ን ወደ «ወልደ» የሚፈታው ትእዛዝ ወ/ሮን «ወልደሮ» ያደርጋታል። ቀጥሎ አኅጽሮቱ ይፈታ፦ ገ/ ገብረ፣ ኃ/ ኃይለ፣ ወ/ ወልደ። «ተ/» ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል በጅምላ አትፍቱት፤ ምልክት አድርጋችሁ ለዓይን ተዉት። ቀጥሎ ጥምር ስም ይጋጠም። «ገብረ መድኅን ዓለሙ»ን ኤክሴል በባዶ ቦታ ሲከፍለው ሰውየውን «ገብረ»፣ አባቱን «መድኅን»፣ አያቱን «ዓለሙ» ያደርግላችኋል። መጀመሪያ ይጋጠም፣ ኋላ ይከፈል። ከዚያ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይምጡ፦ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ።

ለመቧደኛ (ሊገጥሙ የሚችሉ መስመሮችን አንድ ላይ ለመሰብሰብ) ደግሞ የስሙን አፅም አውጡ፦ ፊደሉን ሁሉ ወደ ግዕዙ መመለስ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (በኮምፒውተር የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ስምንት ስምንት ሆኖ ስለተደረደረ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን መቀነስ ይበቃል፤ በፓይተን አንድ መስመር ነው። ቋ፣ ኋ፣ ኳ እና ጓ ብቻ የየራሳቸው መደብ ስላላቸው ወደ ቀ፣ ሀ፣ ከ እና ገ በእጅ ይመለሱ። እንዲህ ሲሆን ተስፋዬ እና ተስፋየ ሁለቱም «ተሰፈየ»፣ ሙሉጌታ እና ሙሉጊታ ሁለቱም «መለገተ» ይሆናሉ። ግን አበበ እና አበባም አንድ ይሆናሉ! ስለዚህ አፅሙ ጥንዶችን ለመሰብሰብ እንጂ የመመሳሰል ነጥብ ለመስጠት አይሁን።

ሰባታሚት

ለነጥብ አሰጣጡ አንድ ነገር። ጃሮ ዊንክለርን የመሰለ የፊደል ማመሳሰያ በቀጥታ አማርኛ ላይ ስትጭነው ያዳላብሃል። የእኛ ስም ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ፊደል ብቻ ስለሆነ «ከበደ» እና «ከበዱ» በአንድ አናባቢ ተለያይተው ሲሶ ስማቸው እንደተለያየ ይቆጠራል። እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ፈትተህ («ክኧብኧድኧ»፣ «ክኧብኧድኡ») ከዚያ አወዳድር። ልዩነቱ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ይመለሳል።

ጳጉሜ

ስለ ስም ብዙ ተባለ፤ ከስም እኩል የሚያጣላው ቀን ነው።

05/03/2012 ተብሎ የተጻፈ ቀን ኅዳር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 15፣ 2019። ቀኑን የፈረንጅ ነው ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር ማርች 5፣ 2012 አድርጎት ልጁን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያስረጀዋል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይግቡ፤ ቅየራው በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይሠራ። የጳጉሜ 6 ዓመትን ያልቆጠረ ቅየራ ደግሞ አንድ ቀን ያስታል፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አይደለም፤ ስሕተቱም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይዘልቃል።

የተወለዱበትን ወር ቆጥራችሁ ጳጉሜን ተመልከቱ። 5 ቀን ስለሆነች የአንድ ሙሉ ወር አንድ ስድስተኛ ያህል ወሊድ ሊኖራት ይገባል። ዜሮ ከሆነ የማስገቢያ ቅጹ 12 ወር ብቻ ይዟል፣ ወይም ጸሐፊው ወደ መስከረም 1 አዛውሮታል።

የሌሊት ወሊድም አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተወለደን ልጅ አንዷ አዋላጅ ተረኛነቷን በጀመረችበት ቀን ትጽፈዋለች፤ ሌላዋ በሚነጋው። በክትባት በኩል ደግሞ እናት ቀኑን በበዓል ታስታውሳለች፦ «በሚካኤል ዕለት»፣ «በማርያም ማግስት»። ቤት ውስጥ የተወለዱት ላይ ቀኖቹ 12፣ 21 እና 27 ላይ ተከምረው ካያችሁ ይህ ነው ምክንያቱ። ስለዚህ «ቀኑ ገጠመ ወይስ አልገጠመም» ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉት። በትክክል የገጠመ፣ በአንድ ቀን የተዛነፈ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ፣ የራቀ በሚል አራት ደረጃ ይኑረው።

የጣና_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፤ የዲኤችአይኤስ 2ን ነገር ዛሬውኑ ከፕሮፖዛሉ እናወጣዋለን። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ በቁጥር ብታሳዩን? ፌለጊ እና ሰንተር የሚባለውን ዘዴ አንብበናል፣ ግን በእጅ ሲሠራ አላየነውም።

ሰባታሚት

በእጅ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ የራሳችሁን ከራሳችሁ መረጃ ታወጣላችሁ።

ለእያንዳንዱ ዓምድ ሁለት ዕድል ያስፈልጋል። አንዱ፣ ሁለቱ መስመሮች በእውነት የአንድ ልጅ ከሆኑ ዓምዱ የመግጠም ዕድሉ። ሌላው፣ የተለያዩ ልጆች ሆነው ሳለ በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍለህ ሎጋሪዝሙን በ2 ቤት ትወስዳለህ። ዓምዱ ካልገጠመ የሁለቱንም ተቃራኒ ዕድሎች ታካፍላለህ፤ ነጥቡ ከዜሮ በታች ይሆናል።

የእናት ስም ገጥሟል፦ 0.90 ለ0.01፣ 6.5 ነጥብ። የእናት አባት ስም ገጥሟል፦ 0.85 ለ0.01፣ 6.4። የልደት ቀን በአንድ ቀን ተዛንፏል፦ 0.12 ለ0.0054፣ 4.5። ጾታ ገጥሟል፦ 0.98 ለ0.50፣ 1.0 ብቻ፤ ጾታ ብዙ አይረዳም፣ ሲጋጭ ግን 4.6 ይቀንሳል። ቀበሌ አልገጠመም፦ 0.30 ለ0.95፣ 1.7 ይቀነሳል። ድምሩ 16.7 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «16.7 ትልቅ ነው» ይላል። መነሻውን ማሰብ አለበት። 4,000 በ6,000 ሲባዛ 24 ሚሊዮን ጥንድ ነው። ከዚያ ውስጥ እውነተኛው 3,000 ቢሆን ከ8,000 ጥንድ አንዱ ነው፤ ይህ በነጥብ ሲታይ 13 ይቀንሳል። 16.7 ሲቀነስ 13፣ 3.7። ይህም 13 ለ1 ነው፤ ጥንዱ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ 93 በመቶ። ቀኑ በትክክል ቢገጥም ኖሮ (8.2 ነጥብ) 99.4 በመቶ ይደርስ ነበር።

አሁን የክትባት መዝገቡ ላይ «ትርንጎ» ብቻ ተጽፎ የአባቷ ስም ባዶ ነው እንበል። ባዶ አይደምርም፣ አይቀንስም። 10.3 ሲቀነስ 13፣ ከዜሮ በታች 2.7፤ ዕድሉ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። የእናት አባት ስም የጥናታችሁ ምሰሶ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከክትባት ክፍሎቹ ጋር ከዛሬ ጀምሮ ተነጋገሩ፤ ከነገ ወዲያ የሚመዘገቡት እንኳ ሙሉ ስም ይኑራቸው።

ሌላው፣ ስም ሁሉ እኩል አይመዘንም። ብዙ እናቶች የሚጋሩት ስም ሲገጥም ነጥቡ ያንስ፣ ብርቅ ስም ሲገጥም ይብዛ። ስፕሊንክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን የድግግሞሽ ማስተካከያ ይሠራል። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሚሠራ ፋስትሊንክ አለ።

መዝገብ_ቤት

24 ሚሊዮኑን ጥንድ ሁሉ ማወዳደር ግን የለባችሁም። ሦስት ጊዜ ቧድኑ፦ አንድ ጊዜ በቀበሌና በልደት ወር፣ አንድ ጊዜ በእናት ስም አፅምና በጾታ፣ አንድ ጊዜ በእናት አባት ስም አፅምና በልደት ዓመት። በአንዱ ያመለጠው በሌላው ይገኛል። በቀበሌ ብቻ መቧደን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ አድራሻ በድሮው የቀበሌ ቁጥርም በክፍለ ከተማ ስምም (ፋሲሎ፣ ግሽ ዓባይ፣ በላይ ዘለቀ) ተጽፎ ይገኛል። ከሥራው በፊት አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኝ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፣ የአካባቢ መጠሪያዎችንም ጨምሩበት።

ቀበሌ_ለቀበሌ

አድራሻ የሚሳሳተው በአጻጻፍ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ብዙ ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ትታረሳለች። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ምጥ ሳይመጣባት በጀልባ ቀድማ የመጣች ደግሞ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ትሰነብትና የዚያን ቤት አድራሻ ትሰጣለች። ማዋለጃ ላይ ባሕር ዳር የተባለችው ልጇን የምታስከትበው በቀበሌዋ ጤና ኬላ ነው። የከተማ ጣቢያዎችን የክትባት መዝገብ ብቻ ከያዛችሁ የሐይቁ ዳር ልጆች በሙሉ «አልተገኙም» ይሆናሉ። የጤና ኬላዎቹን መዝገብ፣ ወጥቶ ለመከተብ የሚያዘውን ጭምር፣ አምጡ።

ፋሚሊ ፎልደርን ደግሞ እንደ ድልድይ ተጠቀሙበት። ማዋለጃው የእናትን ስምና የአባቷን ስም ያውቃል፤ የክትባቱና የሕክምናው መዝገብ ልጁንና አባቱን ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች የሚጋሩት ስም ላይኖር ይችላል። ፋሚሊ ፎልደር ላይ ግን አባወራው፣ ሚስቱና ልጆቹ በአንድ የቤት ቁጥር ሥር ናቸው። መጀመሪያ እናትን ከፎልደር፣ ቀጥሎ ልጅን ከፎልደር አያይዙ፤ በሁለት አጭር እርምጃ የሚገኘው በአንድ ረጅም ዝላይ ከሚፈለገው ይበልጣል። ድክመቱ ፎልደሩ ካልታደሰ አዲስ ልጅ አለመኖሩ ነው፤ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን አብራችሁ መዝግቡ።

አዋላጅ_16

ክብደቱን ራሱን ሳትመረምሩ እንዳታምኑት። በሰዓቱ፣ ሕፃኑ ራቁቱን፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ ተስተካክሎ፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተመዘነ ክብደት ጥሩ ነው። ግን መዝገቡን ስትከፍቱ 3000፣ 3000፣ 2500፣ 3000፣ 3500 እያለ የሚወርድ ገጽ ታገኛላችሁ። በ100 ግራም ልክ የሚነበብ ሚዛን ከሆነ በ500 የሚካፈል ቁጥር ከአምስት አንድ ያህል ነው መሆን ያለበት። ከአምስት ሦስቱ ከሆነ በዓይን ግምት ተጠጋግቷል ማለት ነው። 2,500 ላይ ያለው ክምር የሚጎዳው የበለጠ ነው፤ አነስተኛ ክብደት የሚባለው ከ2,500 በታች ስለሆነ 2,450 የሆነው ልጅ ወደ ላይ ሲጠጋጋ ከጤናማዎቹ ይቆጠራል። ለሁለት ከመክፈል ክብደቱን እንዳለ ተጠቀሙ፤ የተከመሩበትን ጣቢያና ወር ለይታችሁ ያለ እነሱም አስሉት።

መለኪያውም ይደባለቃል፦ 3.2፣ 3200፣ አንዳንዴም 32። ለቢሲጂ ክትባት ሲመጣ የተመዘነውን እንደ ልደት ክብደት አትውሰዱ፤ አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ አንድ አሥረኛ ክብደቱን ሊያጣ ይችላል።

የእርግዝና ዕድሜ ከሌለ ደግሞ ትንሽ ሆኖ የተወለደው ያለ ጊዜው ስለመጣ ይሁን ማህፀን ውስጥ ስላላደገ አትለዩም። ሁለቱ ሌላ ሌላ ነገር ናቸው። ቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን አለ፤ የአልትራሳውንድ ውጤት ካለ ከ24 ሳምንት በፊት የተነሣው ይበልጣል። ያለ ቅድመ ወሊድ መዝገቡ ወሊዱን ብቻ አትያዙ።

መንታ ላይ ተጠንቀቁ። እናት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ብዙ ጊዜ ጾታም አንድ። ፕሮግራሙ አንዱን ለአንዱ ሲያድል በዕጣ ያህል ነው። የትኛው 2,100፣ የትኛው 2,600 እንደነበር አይታወቅም። ምልክት አድርጉባቸውና ከክብደት ስሌቱ ለይታችሁ አስቀምጧቸው።

ዘጌ_ዳር

ስለ ተጋላጭነቱ ልናገር፤ ማያያዙ ይህን ለማየት ነውና። በጣና ዙሪያ ወባ ዋና ጊዜዋ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የእርግዝና ዕድሜውን በሳምንት ካወቃችሁ ከልደት ቀን ወደኋላ ቆጥራችሁ እያንዳንዱ እርግዝና በየትኛው ሦስት ወሩ ላይ የወባ ወቅት እንዳለፈበት ታገኛላችሁ። ይህ ግን የወቅት ተጋላጭነት ነው እንጂ እናትየዋ ታማ ነበር ማለት አይደለም። የታመመችውን ከካርዷ ውስጥ ካለው የላብራቶሪ ውጤት አምጡ። ወቅት ብቻውን ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፦ ክረምት ጎተራ የሚሳሳበት ነው፣ ፎገራ ሜዳ በውኃ የሚተኛበት ነው። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሆኖ በየዓመቱ ቀኑ ይንቀሳቀሳል፤ በቀን ብቻ «ጾማለች» ማለት አይቻልም፤ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ያልጾመችም አለች። ብልሃርዚያ ሐይቁ ዳር አለ፣ ግን ሰገራ ካልተመረመረ መዝገብ ላይ አይገኝም።

የ1977ቱን ድርቅ ተንተርሶ የሚሠራ ጥናትም ተመሳሳይ ችግር አለበት፦ ተጋላጭነቱ የሚለየው በልደት ዓመት ነው፣ አዋቂ ሰው ደግሞ ዕድሜውን በ5ና በ10 ያጠጋጋል።

ሰባታሚት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው፣ ጉዳታቸውም የተለያየ ነው።

የሌላ ልጅ ክብደት ከዚህ ልጅ ጋር ሲጣመር፣ በዘፈቀደ ከሆነ፣ ውጤቱን ያደበዝዘዋል። ከጥንዶቹ 10 በመቶው የተሳሳተ ቢሆን እውነተኛው የ2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የደም ግፊት ልዩነት 1.8 መስሎ ይታያል። መጥፎ ነው፣ ግን አቅጣጫው ይታወቃል።

ያመለጡት ግን የከፉ ናቸው፤ በዘፈቀደ አያመልጡምና። የማይያያዙት እነማን ናቸው? ከሐይቅ ማዶ የመጡት፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው አድራሻ የሌላቸው፣ በለጋ ዕድሜያቸው የወለዱ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ስም ሳይወጣለት፣ ክትባት ሳይደርስለት የሞተ ሕፃን አለ። እሱ በመረጃችሁ ላይ «ክትባት ላይ አልተገኘም» ሆኖ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ክብደቱ ያነሰው እሱ ነው። ቀላል ሆነው ተወልደው የተረፉትን ብቻ ይዛችሁ «ቀላል መወለድ ጉዳት የለውም» ብትሉ እነዚያን ልጆች ሁለተኛ ጊዜ መርሳት ነው። የማዋለጃ መዝገቡን የወሊድ ውጤት፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን መውጫና የጤና ኤክስቴንሽኗን የሞት መዝገብ አብራችሁ አያይዙ።

ስለዚህ ማንኛውንም ውጤት ከማስላታችሁ በፊት የተያያዙትንና ያልተያያዙትን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ አማካይ ክብደት፣ የእናት ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ በኦፕራሲዮን ወይስ በምጥ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በመያያዝ ዕድላቸው ተገላቢጦሽ መዝኑ፤ የመያያዝ ዕድሉ ያነሰው ልጅ የበለጠ ይመዝን። ዋናውን ስሌትም ጥንዱን እውነተኛ ብላችሁ በምትቀበሉበት በሦስት መቁረጫ ዕድል፣ በ0.80፣ በ0.90 እና በ0.99፣ ደጋግማችሁ አሳዩ። ውጤቱ በመቁረጫው የሚገለበጥ ከሆነ የያዛችሁት የማያያዝ ስሕተት ነው።

መዝገብ_ቤት

በእኔ አስተያየት አንድ ጣቢያ ላይ 1,000 የማይሞላ ወሊድ ከሆነ ይህን ሁሉ ስሌት መሸከም አያስፈልግም። ሁለት ጎበዝ የካርድ ክፍል ሠራተኞች መዝገብ ከመዝገብ እያስተያዩ በሁለት ሳምንት ከፕሮግራሙ የተሻለ ይሠሩታል። የሰፈሩን ሰው ያውቃሉ።

ሰባታሚት

ሰውን ማወቃቸው እኮ ነው የሚያሰጋኝ። የሚያውቁትን እናት አሳምረው ያገኟታል፤ እንግዳዋን ያልፏታል። ለማያያዝ ሳይሆን ለማረጋገጥ ይሁኑ፦ ከመቁረጫው በላይና በታች ካለው ጥንድ 300 ያህል በዕጣ ወጥቶ ሁለት ሰው ለየብቻ ይፍረድበት፣ ክብደቱንም የልጁን ሕመምም ሳያዩ። ያኔ ስንቱ ስሕተት እንደሆነ በቁጥር ታውቃላችሁ።

ቁልፍ_ያዥ

እስካሁን ያልተነሣ ነገር፦ ስም ያለበት ፋይል ማን ጋ ይቀመጣል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ያስቀምጠዋል። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የክልሉ ጤና በኩል ደብዳቤ ሳይኖር አንድ ገጽ ፎቶ አይነሣ።

አሠራሩ ሁለት ፋይል ነው። አንዱ ስም፣ ቀንና አድራሻ ከጥናት ቁጥር ጋር፤ ሌላው ክብደት፣ ሕመምና ላብራቶሪ ከዚያው የጥናት ቁጥር ጋር። የሚያያይዘው ሰው ሁለተኛውን አያይም፣ የሚያሰላው ሰው የመጀመሪያውን አያይም። ማንም በፍላሽ ይዞት አይወጣም፤ በቴሌግራም አይላክም።

«ስሙን ሻ 256 (SHA-256) በሚባለው የኮድ መቀየሪያ ቀይረነዋል፣ ችግር የለም» የሚል ካለ፣ ቁልፍ ሳይጨመርበት የተቀየረ ስም ምስጢር አይደለም። የአማርኛ ስሞችን ዝርዝር አንድ በአንድ ቀይሮ የሚያስተያይ ሰው በደቂቃዎች ይፈታዋል። ቁልፉ ከአጥኚው ውጭ የሆነ ሰው ጋ ይቀመጥ። ሲቀየርም ፊደል_ለቃሚ የጻፉት ማስተካከያ ሁሉ ይቅደም፤ «ሠናይት» እና «ሰናይት» ከተቀየሩ በኋላ ምንም ዝምድና የላቸውም። መጠነኛ የፊደል ልዩነትን መቻል ካስፈለገ ብሉም ፊልተር የሚባለው የኮድ ዘዴ አለ።

ፋይዳን ለሚያስቡ፦ ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ለወደፊቱ መልካም ነው፤ ያለፉት መዝገቦች ላይ ግን የለም።

የጣና_ማዶ

እንግዲህ በአንድ ጣቢያና ሥሩ ባሉት ጤና ኬላዎች እንጀምራለን፤ 200 ወሊድ፣ ከቅድመ ወሊድ እስከ ኩፍኝ ክትባት። አንድ አሥረኛውን ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲያስገባው አድርገን የማስገባት ስሕተቱን እናያለን። የትኛውን ወር ብንወስድ ይሻላል?

ጳጉሜ

ከነሐሴ 15 እስከ መስከረም 15 ያለውን ጨምሩ። ጳጉሜም፣ የዓመት ለውጥም እዚያ ነው፤ ቅየራችሁ ያንን ካለፈ ሌላውን ያልፋል።

አዋላጅ_16

አሮጌው መዝገብ ሲያልቅ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያሉት ወሊዶች አዲሱ ላይ ደግመው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እነሱን አጥሩ።